ከጃፓን የጀልባ ውድድር እስከ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳ

«ሳሳካዋ» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ አይደለም። ከ1985 ዓ.ም ጀምሮ በግማሽ ሄክታር ማሳቸው ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተጠቅመው ሠርቶ ማሳያ ያካሄዱ አርሶ አደሮችም ሆኑ በየወረዳው ተሰማርተው የነበሩ የግብርና ባለሙያዎች ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተሰኘውን ፕሮግራም በሚገባ ያስታውሱታል። የፕሮግራሙ ገንዘብ ከየት ይመነጭ እንደነበር የሚያውቀው ሰው ግን ብዙ አይደለም። ምንጩ ርዝመታቸው ሦስት ሜትር እንኳ በማይሞላ የእንጨት ጀልባዎች የሚካሄድና ተመልካቹ ገንዘቡን የሚወራረድበት የጃፓን የሞተር ጀልባ ውድድር ነው።

ጃፓናውያን ይህን ስፖርት ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት «ኪዮቴይ» ሲሉት የኖሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ2010 ወዲህ በይፋ የሚታወቀው «ቦት ሬስ» በሚለው ስም ነው። ውድድሩ በአገሪቱ በሚገኙ 24 ስፍራዎች ዓመቱን ሙሉ ይካሄዳል። ከስፍራዎቹ አንዳንዶቹ በባሕር ዳርቻ፣ አንዳንዶቹ በሐይቅ፣ ሌሎቹም በሰው ሠራሽ ኩሬ ላይ የተዘጋጁ ናቸው። በቶኪዮ የሚገኘው የኤዶጋዋ ስፍራ ደግሞ በሚፈስ ወንዝ ላይ በመሆኑ ጀልባዎቹ ግማሹን ዙር ከወንዙ ጋር፣ ግማሹን ዙር በወንዙ አንጻር ይሮጣሉ።

ስፖርቱን ለመረዳት በቅድሚያ ሞተሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለውድድሩ የሚያገለግለው ሞተር በጀልባው ውስጥ የሚቀበር ሳይሆን ከኋላ በኩል ከጀልባው ሳንቃ ጋር ታስሮ ወደ ውጭ የሚንጠለጠል ነው። በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በጫሞና በጣና ሐይቆች ላይ ጎብኚዎችን በሚያጓጉዙ ጀልባዎች ላይ የሚታየው ሞተር የዚሁ ዓይነት ነው። ይህን መሣሪያ ለሰፊው ገበያ በማብቃት ስማቸው የሚነሳው ትውልደ ኖርዌያዊው አሜሪካዊ ኦሌ ኤቪንሩድ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ1909 በሚልዋኪ ከተማ ለሽያጭ ያቀረቡት ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለውና 28 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። ሞተሩ በቀላሉ ከአንዱ ጀልባ ተፈትቶ በሌላው ላይ የሚታሰር መሆኑ ለውድድር ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከዚያ በፊት የሞተር ጀልባ ውድድር ባለ ብዙ ገንዘብ ሰዎች በታላላቅ ጀልባዎች የሚያካሂዱት ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ የወርቅ ሜዳሊያ ሲያስገኝ እንኳ በሦስቱም ምድቦች ውድድሩን የጨረሰው አንድ አንድ ጀልባ ብቻ ነበር። ተንጠልጣዩ ሞተር ከመጣ በኋላ ግን አናጢም ሆነ መካኒክ በራሱ ጓሮ በሠራው ጀልባ ለመወዳደር ቻለ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ውድድሩ እስከ ዛሬም በአመዛኙ በዚሁ መልክ በክበባት የሚካሄድ የትርፍ ጊዜ ስፖርት ነው። ጃፓን ግን የተለየ መንገድ ተከተለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ከተሞች ወድመው፣ የመርከብ ግንባታ ኢንዱስትሪው ተዳክሞና የአካባቢ አስተዳደሮች ካዝና ተራቁቶ ነበር። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ ቁማርን የሚከለክል ቢሆንም፣ ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ ለማግኘት ሲባል የፈረስ፣ የብስክሌትና የሞተር ብስክሌት ውድድሮች በልዩ ሕግ ለውርርድ ተፈቅደው ነበር። እ.ኤ.አ በ1951 የሞተር ጀልባ ውድድርን አራተኛ ለማድረግ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀረበ። የላይኛው ምክር ቤት ረቂቁን ውድቅ ቢያደርገውም የታችኛው ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግሞ በማጽደቁ ሕጉ በሰኔ ወር ታወጀ። የመጀመሪያው ውድድርም በሚያዝያ ወር 1952 በናጋሳኪ ግዛት በምትገኘው በኦሙራ ከተማ ተካሄደ።

ከሕጉ ጀርባ ከነበሩት ሰዎች ዋነኛው ሪዮይቺ ሳሳካዋ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1899 የተወለዱት ሳሳካዋ ከጦርነቱ በፊት የቀኝ አክራሪ ፖለቲከኛ የነበሩ፣ ከጦርነቱም በኋላ በጦር ወንጀል ተጠርጥረው ለሦስት ዓመታት ያህል ታስረው ክስ ሳይመሠረትባቸው የተፈቱ ሰው ናቸው። በኋለኛው ዕድሜያቸው በበጎ አድራጎት ቢታወቁም ይህ ታሪካቸው በአገራቸው ውስጥም ሆነ በውጭ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አሁን ወደ ውድድሩ ራሱ እንመለስ። በአንድ ውድድር የሚሰለፉት ስድስት ጀልባዎች ናቸው። አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛው ጥቁር፣ ሦስተኛው ቀይ፣ አራተኛው ሰማያዊ፣ አምስተኛው ቢጫ፣ ስድስተኛው አረንጓዴ ቀለም ይሰጠዋል። በውኃው ላይ በ300 ሜትር ርቀት የተተከሉ ሁለት የመታጠፊያ ምልክቶች አሉ። ጀልባዎቹ ምልክቶቹን በግራ በኩል እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ ይህም 1 ሺህ 800 ሜትር ማለት ነው። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያበቃል። በአንድ የውድድር ቀን 12 ውድድሮች ይካሄዳሉ።

ጀልባው 2 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 75 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት አለው። ከኋላው የሚታሰረው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር 400 ሲሲ ያህል መጠን ያለው ሲሆን ከ30 የፈረስ ጉልበት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ያመነጫል። ይህ አቅም ለአንድ መኪና ትንሽ ነው። ለዚህ ጀልባ ግን በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ለመክነፍ ይበቃዋል። የጀልባው ሆድ ውኃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ሳይሆን ፍጥነት ሲጨምር ከውኃው ላይ ከፍ ብሎ በጥቂት ነጥቦች ብቻ እየነካ እንዲንሸራተት ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የሚገታው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው። በዚያው ልክ ግን ጀልባውን በቦታው የሚይዘው ነገርም ጥቂት ነው። ፍሬን የለውም፤ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ማርሽም የለውም። ተወዳዳሪው በቀኝ እጁ መሪውን፣ በግራ እጁ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ይዞ በቀረው ሰውነቱ ሚዛን ይጠብቃል።

የስፖርቱ ከባዱ ጥበብ የሚታየው ገና ከመነሻው ነው። በሩጫ ወይም በመኪና ውድድር ተወዳዳሪዎች ቆመው ምልክት ይጠብቃሉ። በጃፓን የጀልባ ውድድር ግን ስድስቱም ከመቆሚያቸው ወጥተው ቦታ እየተሻሙ ከቆዩ በኋላ ወደ መነሻው መስመር የሚደርሱት በሙሉ ፍጥነት ነው። በመስመሩ ላይ አንድ ግዙፍ ሰዓት ተተክሏል። ተወዳዳሪው መስመሩን ማለፍ ያለበት የሰዓቱ መርፌ ዜሮ ላይ ከደረሰበት ቅጽበት አንስቶ እስከ አንድ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ከውድድሩ ይሰረዛል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ጀልባ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ አንድ መቶኛ የቀደመ ሰው መስመሩን የጣሰው በ22 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ስንዝር ገደማ ነው። በሰከንድ አንድ አሥረኛ የዘገየ ደግሞ ከሁለት ሜትር በላይ ተቀድሟል፤ ይህም የጀልባውን ሦስት አራተኛ ርዝመት ይጠጋል። ምርጥ የሚባሉት ተወዳዳሪዎች በአማካይ ከዜሮ በኋላ በ0.15 ሰከንድ ገደማ መስመሩን ያልፋሉ። ይህንንም የሚያደርጉት ንፋሱንና ሞገዱን እየገመቱ፣ ዓይናቸውን ከሩቁ ሰዓት ሳይነቅሉ፣ ከጎናቸው ያለውንም ተፎካካሪ እየጠበቁ ነው።

ሰዓቱን መቅደም የሚያስከትለው ቅጣት ቀላል አይደለም። በአንድ ጀልባ ላይ የተገዙ የውርርድ ቲኬቶች በሙሉ ለገዢዎቻቸው ስለሚመለሱ አዘጋጁ የከተማ አስተዳደር ገቢውን ያጣል። ተወዳዳሪው በመጀመሪያው ጥፋት 30 ቀን ከሥራ ይታገዳል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ከደገመው 60 ቀን ይጨመርበታል። በሙያው ለሚተዳደር ሰው የወር ደመወዝ ማጣት ነው። አንድ ጊዜ የተቀጣ ተወዳዳሪ በቀጣዮቹ ውድድሮች ላይ ሲፈራና ሲዘገይ መታየቱም ከዚህ የተነሳ ሲሆን፣ ተወራራጆችም ይህን አውቀው ሒሳባቸውን ያስተካክላሉ።

ከመነሻው በኋላ ወሳኙ ቦታ የመጀመሪያው መታጠፊያ ነው። ከምልክቱ አጠገብ በውስጠኛው መስመር የሚሮጠው ጀልባ አጭሩን መንገድ ስለሚይዝ በአገሪቱ ከሚካሄዱት ውድድሮች ከግማሽ በላይ የሚያሸንፈው እርሱ ነው። ሆኖም በፍጥነት የሚታጠፍ ጀልባ ወደ ውጭ መንሸራተቱ አይቀርም። በዚያች ቅጽበት ከኋላው የነበረው ተፎካካሪ በተከፈተለት ቀዳዳ ገብቶ ይቀድመዋል። ከውጭኛው መስመር የተነሳው ደግሞ ነዳጁን ሳይቀንስ ሁሉንም ከላይ ዞሮ ለመቅደም ይሞክራል። ይህ ካልተሳካለት የሌሎቹ ጀልባዎች የበጠበጡት ውኃ ውስጥ ገብቶ እየተንገጫገጨ ወደ ኋላ ይቀራል። የኋላኞቹ ሁለት ዙሮች ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው መታጠፊያ የተወሰነውን ቅደም ተከተል ከማጽናት አያልፉም።

በድሮው ጊዜ ተወዳዳሪዎች የሚታጠፉት በጀልባው ውስጥ እንደተንበረከኩ ነበር። በኋላ ግን ከመቀመጫ ተነስቶ፣ በእግር ጣቶች ቆሞና ሰውነትን ወደ ውስጥ አዘንብሎ መታጠፍ ተለመደ። ይህ ስልት ከፈረስ ጋላቢዎች አቀማመጥ ጋር በመመሳሰሉ «የዝንጀሮ መታጠፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ፍጥነት ሳይቀንሱ ለመዞር ያስችላል። በአንጻሩ የሰውየውን ጭንቅላትና ደረት ከጀልባው ውጭ ያወጣል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። የወደቀ ተወዳዳሪ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ከኋላው የሚመጡት ጀልባዎች የሚያቆሙበት ፍሬን የላቸውም። የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ደግሞ እንደ ስለት ነው። ስለዚህ ሄልሜትና የሕይወት አድን ሰደርያ ብቻ ሳይሆን ስለት የማይበጥሰው ኬቭላር ከተባለ ጨርቅ የተሠራ ሱሪና ጓንት መልበስ ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም ውድድሩ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከ30 በላይ ተወዳዳሪዎች በውድድርና በልምምድ ላይ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ገንዘብ የሚወራረድበት ስፖርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የተወራራጁ እምነት ነው። የጃፓኑ ውድድር ብዙ ደንቦች የተቀረጹትም ለዚህ ነው። ተወዳዳሪው የራሱ ጀልባም ሆነ የራሱ ሞተር የለውም። ሁለቱም የውድድሩ ስፍራ ንብረት ሲሆኑ በመክፈቻው ዋዜማ በዕጣ ይታደላሉ። ሞተሮቹ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ቢሆኑም በባሕርያቸው አንድ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሞተር ስንት ጊዜ ከሁለተኛ በላይ እንደወጣ የሚያሳየው መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። ጥሩ ሞተር የደረሰው ጀማሪ ደካማ ሞተር የደረሰውን ሻምፒዮን ሊቀድመው ይችላል። ፕሮፔለሩን በተመለከተ እስከ 2012 ድረስ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱን ይዞ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ እርሱም ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚታደል ሆኗል። ተወዳዳሪው የተፈቀደለት በመዶሻ እየቀጠቀጠ የፕሮፔለሩን ጠርዝ ለዕለቱ ንፋስና ውኃ ማስማማት ነው። በየውድድሩ ስፍራ ጓሮ ከማለዳ ጀምሮ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ የዚህ ሥራ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸውም ከዋዜማው ጀምሮ ከውጭው ዓለም ይለያሉ። ተንቀሳቃሽ ስልካቸውን አስረክበው ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ፤ ለአራት፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀናት የሚቆየው ውድድር እስኪያበቃ ከቤተሰብም ሆነ ከወዳጅ ጋር አይገናኙም። ከተወራራጅ ጋር ተመሳጥሮ ውጤት እንዳይሸጥ የተዘጋጀ አጥር ነው። አጥሩ ግን ፈጽሞ የማይደፈር አይደለም። እ.ኤ.አ በ2020 አንድ የቀድሞ ተወዳዳሪ ከዘመዱ ጋር ተመሳጥሮ ሆን ብሎ ወደ ኋላ በመቅረት ገንዘብ ተቀብሏል በሚል ተይዞ በእስራት ተቀጥቷል። ጉዳዩ በመላው ጃፓን መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ወደ ሙያው የሚገባው በደቡባዊቷ የፉኩኦካ ግዛት በያናጋዋ ከተማ በሚገኘው ማሠልጠኛ ለአንድ ዓመት ተምሮ የተመረቀ ብቻ ነው። ሥርዓቱ የወታደር ካምፕን የሚያስታውስ ሲሆን፣ የመግቢያ ፈተናው እጅግ ጥብቅ ነው። የገቡትም ሁሉ አይመረቁም። በአሁኑ ጊዜ በሙያው ላይ የሚገኙት ተወዳዳሪዎች 1 ሺህ 600 ገደማ ሲሆኑ በውጤታቸው በአራት ደረጃዎች ተከፍለው ደረጃቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል። የዕድሜ ጣሪያ የለም። ሹንጂ ካቶ የተባሉት አንጋፋ ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ በ2015 ጡረታ የወጡት በ73 ዓመታቸው ነበር።

ሴቶች ከወንዶች እኩል የሚሰለፉበት የሙያ ስፖርት በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። በጃፓን የጀልባ ውድድር ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይሳተፋሉ። ከአሁኖቹ ተወዳዳሪዎችም ከ200 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጁ ውድድሮች ያሉ ቢሆንም በአብዛኛው የሚሮጡት ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው፣ በአንድ ዓይነት ሞተርና በአንድ ዓይነት ደንብ ነው። ልዩነቱ በክብደት ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ ከኅዳር 2020 ጀምሮ የወንድ ዝቅተኛ ክብደት 52 ኪሎ ግራም፣ የሴት 47 ኪሎ ግራም ሆኖ ተወስኗል፤ ከዚህ የቀለለ የጎደለውን ያህል ማመዛዘኛ ይሸከማል። በትንሽ ሞተር ለሚገፋ ጀልባ አምስት ኪሎ ግራም ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ሴቶች በትልልቆቹ የዋንጫ ውድድሮች ለማሸነፍ 70 ዓመታት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2022 በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ከምትገኘው የሺጋ ግዛት የመጣችው ኤሚ ኤንዶ ከፍተኛውን ደረጃ ከያዙት ውድድሮች አንዱን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ድሉ የተገኘው ስፖርቱ በተወለደበት በኦሙራ ነበር።

የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። ቲኬት የሚሸጠው ዕድሜው 20 ዓመት ለሞላ ሰው ሲሆን ዝቅተኛው ዋጋ 100 የን ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን ጀልባዎች በቅደም ተከተላቸው ለመገመት የሚሻ ተወራራጅ ከ120 አማራጮች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ከጠቅላላው ሽያጭ 75 በመቶው ለአሸናፊዎች ይመለሳል። የቀረው 25 በመቶ ለሽልማት፣ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለስፍራው ወጪና ለአዘጋጁ የአካባቢ አስተዳደር ካዝና ይከፋፈላል። የጃፓን ከተሞች ትምህርት ቤትና መንገድ የሠሩበት ገንዘብ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ከሽያጩ ሦስት በመቶ ገደማ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1962 ለተቋቋመውና ዛሬ ኒፖን ፋውንዴሽን ተብሎ ለሚታወቀው ድርጅት ይተላለፋል። ሳሳካዋ ድርጅቱን የመሠረቱትና የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆነው ለረጅም ጊዜ የመሩት ሰው ናቸው።

ሦስት በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ በ1991 የበጀት ዓመት የውድድሩ ሽያጭ ከ2 ነጥብ 2 ትሪሊዮን የን በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በመቀዛቀዙና ወጣቱ ትውልድ ወደ ውድድር ስፍራዎች መምጣቱን በመተዉ ገቢው እየወረደ ሄዶ በ2010 ወደ 840 ቢሊዮን የን ዝቅ አለ። በርካቶች ስፖርቱ ከሽማግሌዎቹ ተወራራጆች ጋር አብሮ ያልፋል ብለው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የሌሊት ውድድርና በኢንተርኔት የሚሸጥ ቲኬት ገበያውን ለውጠውት በ2021 የበጀት ዓመት ሽያጩ ወደ 2 ነጥብ 4 ትሪሊዮን የን ተጠግቶ የቀድሞውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይህ ለአዘጋጆቹ የምሥራች ቢሆንም በተንቀሳቃሽ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ለሚወራረደውና ለቤተሰቡ የምሥራች አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የኢትዮጵያ ስም ከዚህ ገንዘብ ጋር የተያያዘው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው። ሳሳካዋ በወቅቱ ለተጎጂዎች የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ልከዋል። የእርዳታ እህል ለዕለቱ ረሃብ እንጂ ለከርሞው እንደማይበጅ በመገንዘብም የስንዴ ምርምራቸው በእስያ ሚሊዮኖችን የታደገውንና እ.ኤ.አ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙትን አሜሪካዊ ሳይንቲስት ዶክተር ኖርማን ቦርሎግን አነጋገሩ። ቦርሎግ 71 ዓመታቸው መሆኑን ጠቅሰው አዲስ ሥራ ለመጀመር አርጅቻለሁ ቢሏቸው፣ ሳሳካዋ እርሳቸው በ15 ዓመት እንደሚበልጧቸው ነግረው አግባቧቸው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም ተጨመሩበት። የፕሮግራሙ ስም ሁለተኛ ክፍል የሆነው «ግሎባል 2000» የመጣውም ከካርተር ማዕከል ፕሮግራም ነው። የሳሳካዋ አፍሪካ ማኅበር እ.ኤ.አ በ1986 ተቋቁሞ ሥራውን በጋና፣ በሱዳንና በዛምቢያ ጀመረ። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1993 ነው።

አሠራሩ አዲስ ግኝት የሚባል አልነበረም። በምርምር ማዕከላት ተከማችተው የነበሩ የበቆሎና የስንዴ ዝርያዎችን ከማዳበሪያና ከትክክለኛ የአዘራር ዘዴ ጋር አቀናጅቶ በአርሶ አደሩ በራሱ ማሳ፣ በራሱ ጉልበትና በዓይኑ እያየ ማሳየት ነበር። ቀድሞ ሠርቶ ማሳያዎች ይዘጋጁ የነበሩት መቶና ሁለት መቶ ካሬ ሜትር በማይሞሉ ቁራጮች ላይ በመሆኑ አርሶ አደሩ «ይህ ለጓሮ ነው» ብሎ ያልፋቸው ነበር። ግማሽ ሄክታር ግን ቤተሰብ የሚመግብ ማሳ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 ካርተርና በወቅቱ የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት መለስ ዜናዊ ማሳዎቹን ተዘዋውረው ጎበኙ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት አሠራሩን የብሔራዊ የግብርና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ መሠረት አደረገው።

ውጤቱ ወዲያውኑ ታይቷል፤ ጉድለቱም ቆይቶ ታይቷል። ምርት ሲያድግ ገበያው አብሮ አላደገም። በ1994 ዓ.ም የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸው አርሶ አደሮች ጥቂት አልነበሩም፤ በዓመቱ ደግሞ ድርቅ ተከተለ። ማኅበሩ በኋለኞቹ ዓመታት ከድኅረ ምርት አያያዝና ከገበያ ትስስር ጋር የተያያዙ ሥራዎችን ማስፋቱ ከዚህ ልምድ ጋር የሚያያዝ ነው።

የውድድሩ ገንዘብ ከእርሻ ውጭም ደርሷል። እ.ኤ.አ ከ1995 እስከ 1999 ድረስ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በመላው ዓለም ላሉ ሕሙማን በነጻ የታደለው ኒፖን ፋውንዴሽን በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በሰጠው 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። የመሥራቹ ልጅ ዮሄይ ሳሳካዋም እ.ኤ.አ ከ2001 ጀምሮ ሥጋ ደዌን ለማጥፋት የድርጅቱ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል።

በቁማር የተገኘ ገንዘብ ለበጎ ሥራ መዋሉ ያስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ በጃፓን ለረጅም ጊዜ ሲነሳ ቆይቷል። አንዳንዶች ድርጅቱ የመሥራቹን ያለፈ ታሪክ ለማስረሳት የቆመ አድርገው ይመለከቱታል። ሌሎች ደግሞ ተወራራጁ ገንዘቡን ማውጣቱ ካልቀረ ጥቂቱ እንኳ ለድሃ ቢተርፍ ይሻላል ይላሉ። ሪዮይቺ ሳሳካዋ እ.ኤ.አ በ1995፣ ማለትም ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት አርፈዋል።

እ.ኤ.አ በ1997 ከዚሁ ምንጭ በተገኘ ድጋፍ በወቅቱ አለማያ ይባል በነበረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሥራ ላይ ለቆዩ የግብርና ባለሙያዎች የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። ተማሪዎቹ ዲፕሎማ ይዘው ለዓመታት በገጠር ያገለገሉ፣ ብዙዎቹም ቤተሰብ ያፈሩ ነበሩ። የትምህርቱ አንድ ክፍል በግቢው ውስጥ የሚሰጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ መጣበት ወረዳ ተመልሶ ከአርሶ አደሮቹ ጋር የመረጠውን ችግር ለወራት እየሠራ ማጥናትና ያገኘውን ውጤት ይዞ ለመምህራኑ ማቅረብ ነበረበት።